ሳንድብላይንድ ውስጥ አሸዋ የለም፤ የቃል ምንጭ ስትፈልጉ የምትሳሳቱባቸው ነገሮች

የእንግሊዝኛ ጥምር ቃል ከየት መጣ ብላችሁ መቆፈር የምትወዱ ካላችሁ ሳንድብላይንድ የምትለዋን ቃል እዩልኝ። ዛሬ በወሬ መሀል የሚጠቀማት የለም፣ የድሮ ጽሁፍ ላይ ነው የምትገኘው፣ ዓይኑ ደክሞ በደንብ የማያይ ሰው ለማለት ነው።

አንደኛው ስህተት ቃሉን ለሁለት ቆርጦ የሚታየውን ማመን ነው። ሳንድ አሸዋ፣ ብላይንድ ዓይነ ስውር፣ በቃ አሸዋ ዓይኑ ውስጥ ገብቶበት ነው ይባላል። እኛ እግረ መንገድ ስንል ሁለቱም ቃል ቁልጭ ብሎ ስለሚታይ የነሱም እንደዛ ይመስለናል፣ ግን እዚህ ቃል ውስጥ መጀመሪያ ላይ አሸዋ አልነበረም፣ የነበረው "ሳም" የሚባል የጥንት እንግሊዝኛ ባዕድ መነሻ ነው፣ ግማሽ ማለት ነው፣ ስለዚህ ግማሽ ዓይነ ስውር። ባዕድ መነሻው ከቋንቋው እየጠፋ ሲሄድ ሰዉ ትርጉሙ ግራ ገባውና በሚያውቀው ቃል ተካው።

ሁለተኛው፣ ትልቅ ሰው ስላለው ብቻ መቀበል። ሼክስፒር በፈረንጆች 1600 በታተመው የቬኒሱ ነጋዴ ላይ አንዱ ገጸ ባህሪ አባቱን ከሳንድብላይንድም አልፎ የጠጠር ዓይነ ስውር ነው ይለዋል፣ ማለት ያኔም ሰው አሸዋ አድርጎ ነበር የሚሰማው። ሳሙኤል ጆንሰን ደግሞ በ1755 መዝገበ ቃላቱ ዓይን ፊት ትናንሽ ብናኝ የሚታይበት ችግር ነው ብሎ ፈታው፣ እሱን የመሰለ ሊቅ እንኳን አሸዋውን አምኖ!

ሦስተኛው በድምፅ መመሳሰል መቸኮል። ሳም የላቲኑ ሴሚ ዘመድ ነው፣ ሴሚ ፋይናል የምንለው ሴሚ፣ እዚህ ድረስ ልክ ነው። ግን ሴሚስተርንም እዛው ከጨመራችሁ ተሳሳታችሁ፣ እሱ የዓመት ግማሽ ሳይሆን በላቲን ስድስት ወር ከሚል የመጣ ነው።

ትርጉም አይለወጥም ብሎ ማሰብም አለ፣ ፐርብላይንድ የሚል ሌላ የእንግሊዝኛ ቃል ትርጉሙ መጀመሪያ ጭራሽ የማያይ ነበር፣ በኋላ በከፊል የማያይ ሆነ።

የመጨረሻው፣ ቃሉን ብቻውን ይዞ መቅረት። ሳምብላይንድ የሚለው፣ የሳንድብላይንድ የመጀመሪያ ቅርጽ የተባለው፣ ራሱ በጥንቱ እንግሊዝኛ ተጽፎ አልተገኘም፣ ታዲያ እንዴት ታወቀ ካላችሁ በወንድሞቹ ነው፣ ሳምኩዊክ የሚል ቃል ተጽፎ አለ፣ ግማሽ ነፍስ ያለው፣ ሊሞት የደረሰ ማለት ነው፣ እዛ ላይ ደግሞ አሸዋ የሚባል ነገር በምንም አይገባም።