ተገጣጣሚ ሶሌታ፦ ጎንደር ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ተገጣጣሚ ሲባል ብዙ ሰው የሚያውቀው ኮንዶሚኒየም ላይ የታየውን ሶሌታ (የፎቅ ወለል) ነው፦ ቀድሞ የተሞላ ቀጭን ትራቪ (አግዳሚ የኮንክሪት ተሸካሚ)፣ በመሃሉ የሚደረደር ብሎኬት፣ ከላይ ስስ ኮንክሪት። ከሶሌታው ሥር የሚዘረጋው ጣውላ አያስፈልግም፤ የባሕር ዛፍ ቋሚውም ይቀንሳል። ይህ ቁጠባ ግን ስብራት ሲበዛ ይጠፋል፤ የተሰነጠቀ ትራቪ ሲሚንቶውንም ፌሮውንም ይዞ ነው የሚጣለው።

ልኩን ከፕላን ላይ ወስዶ ማዘዝ

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። ከተማው ተዳፋት ስለሆነ ሜትሩ በውሃ ልክ ሳይወጠር መሬቱን ተከትሎ ይለካል። 50 ሳንቲ በሚወርድ ቦታ ላይ 4 ሜትር ተብሎ የተለካው በአግድሙ 3 ሜትር ከ97 ሳንቲ ብቻ ነው። ኮለኑ (የኮንክሪት ምሰሶው) በዚህ ልክ ከቆመ በኋላ በፕላኑ ልክ የተሞላው ትራቪ ሲመጣ አይገባም፤ ሠራተኛው ጫፉን በመዶሻ ይፈረካክሰዋል። ክፍተቱ ሰፍቶ ከተገኘ ደግሞ ይብሳል፤ ትራቪው የሚያርፍበት ጠርዝ ይጠብበታል። ስለዚህ ኮለኑ ከቆመ በኋላ እያንዳንዱን ክፍተት በሁለቱም ጫፍ፣ እንዲሁም ማዕዘን ለማዕዘን ለክቶ ማዘዝ ነው።

ውሃ ማብዛት፣ ማጠጣትን መርሳት

«አንድ ኩንታል» የምንለው የሲሚንቶ ከረጢት 50 ኪሎ ነው። ለእሱ 25 ሊትር፣ ማለትም አንድ ትልቅ ጀሪካን ውሃ ይበቃዋል፤ አሸዋው ዝናብ ከመታው ከዚያም ያንሳል። ለመሙላት እንዲቀል ሌላ ግማሽ ጀሪካን ሲጨመር ትርፉ ውሃ ሲደርቅ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል። ከተሞላ በኋላ ግን ውሃ መከልከል ጥፋት ነው። በበጋ፣ ፀሐይና ነፋስ ባለበት፣ እርጥብ ጆንያ አልብሶ ቢያንስ 7 ቀን ማጠጣት ያስፈልጋል።

መሃሉን ይዞ ማንሳት

12 በ8 ሳንቲ የሆነ የ4 ሜትር ትራቪ ወደ 100 ኪሎ ይመዝናል። መኪና በማይገባበት ቅያስ በሰው ትከሻ ነው የሚሄደው፤ ሸክም የለመደ ሰው ደግሞ መሃሉን መያዝ ይቀናዋል። ያኔ ሁለቱ ጫፎች ያጎነብሱና ላዩ ይሰነጠቃል። ከየጫፉ 80 ሳንቲ ያህል ገባ ብሎ፣ ከላዩ የወጣውን ስታፋ (የታጠፈ ቀጭን ብረት) ወደ ላይ አድርጎ በአራት ሰው መያዝ ነው። ሲከመርም ማረፊያ እንጨቱ በዚያው ነጥብ ላይ ይሁን፤ የላዩና የታቹ እንጨት በአንድ ቱንቢ ይግጠሙ። ስታፋውን እንደ እጀታ መያዝ የለም።

ፎቶ አይቶ ትልቅ ግድግዳ ማዘዝ

3 በ3 ሜትር የሆነ፣ 15 ሳንቲ ውፍረት ያለው ተገጣጣሚ የኮንክሪት ግድግዳ 3.4 ቶን ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ከተጫነ የዓባይን በረሃ ጨምሮ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ የነዳጁ ነገር ሲታሰብ፣ ስለ ተገጣጣሚ እንደሚባለው «ለአካባቢ ይስማማል» ማለት ያስቸግራል። ክሬንም ክንዱ በረዘመ ቁጥር የሚያነሣው ይቀንሳል፤ የሚቆምበት ደልዳላ ቦታ ከሌለ ደግሞ ጭራሽ አይሠራም። ለተራ መኖሪያ ቤት ትራቪና ብሎኬቱ ይሻላል።

የሽንት ቤት ቱቦ በኋላ ማሰብ

ብሎኬት ቢነሣ ችግር የለም፤ ትራቪ ከተቆረጠ ግን የተሸከመው ፌሮ አብሮ ተቆረጠ ማለት ነው። ቱቦው በብሎኬት ረድፍ በኩል እንዲያልፍ ትራቪው ከመደርደሩ በፊት ቦታው ላይ ምልክት ይደረግ።

በዋልካ ላይ ቋሚ ማቆም

ትራቪው የላዩ ኮንክሪት እስኪጠነክር በራሱ አይችልም፤ በየ1.5 ሜትሩ ድጋፍ ይፈልጋል። ክረምት ላይ ዋልካ ሲርስ ቋሚው ይሰምጣል፤ ሶሌታው አብሮ ይወርድና ጎድጉዶ ይቀራል። ከቋሚው ሥር ወፍራም ጣውላ ይነጠፍ፤ ኮንክሪት በሚሞላበት ቀን አንድ ሰው ከታች ሆኖ ሽብልቁን ይከታተል። ኮንክሪቱ ሳይሞላ በፊት ብሎኬቱ በውሃ ይራስ፤ ደረቅ ከሆነ የኮንክሪቱን ውሃ ይመጥጠዋል። ቋሚው መሐንዲሱ ሳይፈቅድ አይነሣም፤ ሲነሣም ከመሃል ተጀምሮ ወደ ዳር ነው።