ያለ መከላከያ ከተደረገ ግንኙነት በኋላ፦ እርግዝናን ለማወቅ ስትሞክሪ ልታስወግጃቸው የሚገቡ ስህተቶች

ያለ መከላከያ ግንኙነት ያደረገች ሴት ከማግስቱ ጀምሮ ሰውነቷን ማዳመጥ ትጀምራለች። ጡቴን አመመኝ? አጥወለወለኝ? ሆዴ ተነፋ? ጭንቀቱ ይገባኛል። ነገር ግን በእነዚያ ቀናት ከሰውነት ስሜት ብዙም የሚታመን ነገር አይገኝም። የሚያዋጣው ቀን መቁጠር ነው። ግንኙነቱ የተደረገበትን ቀንና የመጨረሻው የወር አበባሽ የጀመረበትን ቀን ስልክሽ ላይ ጻፊ። ከታች ያሉት አብዛኞቹ ስህተቶች ቀን ካለመቁጠር የሚመጡ ናቸው።

«እስቲ ልጠብቅና ልየው»

ከሁሉም በላይ የሚያስቆጨኝ ይሄኛው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ገና ብዙ ማድረግ ይቻላልና። ፖስትፒል የተባለው ከግንኙነት በኋላ የሚዋጥ የእርግዝና መከላከያ ክኒን እስከ 72 ሰዓት ድረስ ይወሰዳል፤ በፈጠንሽ ቁጥር የመሥራት ዕድሉ ይጨምራል። የሚሠራው እንቁላል የሚወጣበትን ጊዜ በማዘግየት ነው። ስለዚህ የተፈጠረን እርግዝና አያስወርድም፤ እንቁላሉ ቀድሞ ከወጣም አይረዳም። ከዋጥሽው በኋላ በ2 ሰዓት ውስጥ ካስመለሰሽ ድጋሚ መውሰድ ያስፈልጋል። አንዳንድ የቲቢ፣ የሚጥል በሽታና የኤችአይቪ መድኃኒቶች አቅሙን ይቀንሱታል። ከእነዚህ አንዱን የምትወስጂ ከሆነ ለፋርማሲስቱ ሳትነግሪ አትውሰጂው።

ሦስቱ ቀን አለፈ ብለሽም ተስፋ አትቁረጪ። እስከ አምስተኛው ቀን ድረስ በጤና ተቋም ሉፕ፣ ማለትም ማኅፀን ውስጥ የሚቀመጥ መከላከያ፣ ማስገባት ይቻላል። መዳብ ያለበት ሉፕ ከክኒኑም የበለጠ አስተማማኝ ነው።

እርግዝናው ብቻ ሲታሰብ የሚረሳ ነገርም አለ። የሰውየውን የኤችአይቪ ሁኔታ ካላወቅሽ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱም በዚያው 72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ የሚወሰደው ለ28 ቀናት ነው። ተገደሽ ከሆነ ደግሞ ቀጥታ ሆስፒታል ሂጂ። አዲስ አበባ ውስጥ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ለተደፈሩ ሴቶች ሕክምናውንና የሕግ ድጋፉን በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለው።

«ትናንት ነበር፣ ዛሬ ልመርመር»

የወንድ ዘር በሴት ሰውነት ውስጥ እስከ 5 ቀን ድረስ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ፅንሱ የሚፈጠረው የግድ ግንኙነቱ በተደረገበት ቀን አይደለም። ከተፈጠረም በኋላ ማኅፀን ላይ እስኪጣበቅ ከ6 እስከ 12 ቀን ይወስዳል። የሽንት ምርመራው የሚፈልገው ኤችሲጂ የተባለው ሆርሞን በደም ውስጥ መታየት የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። በአምስተኛው ቀን የተመረመረች ሴት «የለም» ቢወጣላት ምንም አላወቀችም ማለት ነው። የሚያሳዝነው፣ በዚህ ውጤት ተማምነው ሁለት ወር የሚዘናጉ አሉ።

ፔሬድሽ የሚመጣበት ቀን የሚታወቅ ከሆነ ከቀረበት ቀን ጀምሮ ተመርመሪ። የሚዛባብሽ ከሆነ ከግንኙነቱ በኋላ 21 ቀን ቆጥረሽ ተመርመሪ። የጠዋት የመጀመሪያ ሽንት ይመረጣል፤ ብዙ ውኃ ጠጥተሽ ከሆነ ሆርሞኑ ይቀጥናል። «የለም» ብሎሽ ፔሬድሽ ግን ካልመጣ ከሳምንት በኋላ ድገሚው።

«ሁለተኛዋ መስመር ደብዛዛ ናት፣ አትቆጠርም»

ማሸጊያው ላይ በተጻፈው ደቂቃ ውስጥ ከታየች ትቆጠራለች። ሆርሞኑ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሁለት ቀን ገደማ እጥፍ ስለሚሆን፣ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ብትደግሚው መስመሯ ትጎላለች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከቆሻሻ ቅርጫት አውጥተሽ ያየሻት መስመር ግን አትታመንም። መመርመሪያው ጊዜው ያላለፈበት መሆኑንም እዪ።

«ደም አይቻለሁ፣ ተገላገልኩ»

ፅንሱ ሲጣበቅ ጥቂት ደም ጠብ ሊል ይችላል። ፖስትፒልም መሐል ላይ ደም ሊያመጣና ቀጣዩን ፔሬድ ሊያስቀድም ወይም ሊያዘገይ ይችላል። የመጣው ደም ከወትሮው ያነሰና ቶሎ የቆመ ከሆነ ተመርመሪ። ፖስትፒል ወስደሽ ፔሬድሽ ከሳምንት በላይ ከዘገየም እንዲሁ።

«አላቅለሸለሸኝም፣ ስለዚህ የለም»

ማቅለሽለሽ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው የመጨረሻው ፔሬድ ከጀመረበት ቀን ሲቆጠር በ6ኛው ሳምንት አካባቢ ነው። ጭራሽ የማያቅለሸልሻቸውም ብዙ ናቸው። የጡት ሕመም፣ ድካምና የሆድ መነፋት ደግሞ ፔሬድ ሊመጣ ሲልም ያሉ ናቸው።

«እኔ አላረግዝም»

በመጀመሪያ ግንኙነት ይረገዛል። ውጭ በማፍሰስም ይረገዛል። የሚያጠቡ እናቶች ግን በተለይ ይዘናጋሉ። ጡት ማጥባት የሚከላከለው ሕፃኑ ከ6 ወር በታች ሲሆን፣ ቀንም ሌሊትም ጡት ብቻ ሲጠባና ፔሬድ ገና ሳይመለስ ሲቀር ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ መከላከያው ላልቷል። የሦስት ወር መርፌ ያቆመችም «ፔሬዴ አልተመለሰም» ብላ እንዳትተማመን፤ እንቁላል የሚወጣው ከፔሬድ በፊት ነው።

«አምስት ሳምንት? እኛ የተገናኘነው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው!»

በዚህ ቁጥር የተጣሉ ጥንዶች አሉ። ጤና ባለሙያ እርግዝናን የሚቆጥረው የመጨረሻው ፔሬድ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ፅንሱ ከተፈጠረበት ቀን በሁለት ሳምንት ገደማ ይበልጣል። ባልሽ ወይም ጓደኛሽ ጥርጣሬ ከመግባቱ በፊት ይህን ይወቅ።

«ለማንም ሳልናገር ራሴ እጨርሰዋለሁ»

ፍርሃቱን አልወቅስም። ነገር ግን ከመንደር የተገዛ ክኒንና የባህል መድኃኒት ሴቶችን ገድለዋል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 በጤና ተቋም እርግዝናን ማቋረጥ የሚፈቀድባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል፤ እርግዝናው ከመደፈር ወይም ከዘመድ ጋር ከተደረገ ግንኙነት ሲሆን፣ የእናቲቱ ጤና ወይም ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ፣ ፅንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ሲኖርበት፣ እንዲሁም ሴቲቱ በዕድሜዋ ማነስ ወይም በአካል ወይም በአእምሮ ችግር ልጅ ለማሳደግ የማትችል ስትሆን። ለመደፈር ቃሏ ይበቃል፤ ማስረጃ አምጪ አትባልም።

ልጁን የምትፈልጊውም ብትሆኚ ቶሎ ሂጂ። ፎሊክ አሲድ በይበልጥ የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። የምትወስጂው ሌላ መድኃኒት ካለም መታየት አለበት።

ፔሬድሽ ቀርቶ በአንድ ጎን የሚወጋ ከባድ የሆድ ሕመም፣ የትከሻ ጫፍ ሕመም ወይም ራስን መሳት ከመጣ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ። ከማኅፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሆስፒታል ድረሺ።