ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የተዛወረ ፋይል አልከፈት ሲል ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ውስጥ በኮምፒውተር ጽሕፈትና ኅትመት ሥራ የሚተዳደር ሰው ደጋግሞ የሚሰማው አቤቱታ «እቤት ይከፈት ነበር፤ እዚህ ሲደርስ እንቢ አለኝ» የሚል ነው። በዚህ ሥራ ላይ ሳለሁ እንደታዘብኩት፣ ፋይሉ ፈጽሞ እንዳይመለስ የሚያደርገው ብዙውን ጊዜ ዝውውሩ ራሱ ሳይሆን፣ ባለቤቱ ደንግጦ በመጀመሪያዋ ሰዓት የሚወስደው እርምጃ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ግን ከዚያም ይቀድማል፤ እሱም ቅጂው በትክክል ሳያልቅ ፍላሹን መንቀልና የፋይሉን መጠን ሳያዩ መንገድ መጀመር ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ በሚገባበት ሰሞን አንዲት ተማሪ ከኮምቦልቻ ተሳፍራ፣ የሐረጎን ዳገት ወጥታ መጣች። ፍላሿን ስከፍተው የፋይሉ ስም ተዘርዝሯል፤ ከስሙ ትይዩ ግን 0 ኪሎ ባይት ይላል። «ጋሼ፣ ይኸው ስሙ አለ እኮ!» አለችኝ። ስሙማ ነበረ። ኮምፒውተሩ ፋይል ሲገለብጥ ስሙን በፍላሹ መዝገብ ላይ አስቀድሞ ይጽፍና ይዘቱን ከዚያ በኋላ ያሰፍራል፤ በዚህ መካከል መብራት ከሄደ ወይም ፍላሹ ከተነቀለ ስም ብቻውን ይቀራል። በስክሪኑ ላይ የሚሞላው መስመር ማለቁም በቂ ማረጋገጫ አይደለም፤ ከመረጃው የተወሰነው ገና በራም (በኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ) ላይ ተራውን እየጠበቀ ሊሆን ስለሚችል፣ «ኢጀክት» ብሎ ማስወጣትና መጠኑን ከዋናው ፋይል ጋር ማስተያየት ይገባል። ልጅቷ ዕድለኛ ነበረች፤ ኮፒ እንጂ ከት አላደረገችምና፣ እቤት የነበረው ወንድሟ ላፕቶፑን ከፍቶ በቴሌግራም ላከላት።

ከት ማድረግ ሁለተኛው ስህተት ነው። ፋይሉ ከአንድ ዲስክ ወደ ሌላ ዲስክ በከት ሲዛወር ኮምፒውተሩ ገልብጦ እንደጨረሰ ዋናውን ያጠፋዋል፤ ፍላሹ ላይ የደረሰው ቅጂ ጎዶሎ ሆኖ ከተገኘ ባለቤቱ ሁለቱንም አጥቷል ማለት ነው። ይህ ያጋጠመው ሰው መጀመሪያ ማድረግ ያለበት ወደ ቀድሞው ኮምፒውተር ተመልሶ፣ አዲስ ነገር ሳይጫንበትና ሳይጻፍበት፣ የጠፋውን ፋይል ከዚያው ዲስክ መፈለግ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን «ዲስኩ ከመከፈቱ በፊት ፎርማት መደረግ አለበት» የሚለውን መልእክት እሺ ብሎ መቀበል ነው። መልእክቱ ምክር ቢመስልም፣ የሚናገረው ኮምፒውተሩ የፍላሹን መዝገብ ማንበብ እንዳቃተው ብቻ ነው፤ ይዘቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ በቦታው አለ። ፈጣኑ ፎርማት መዝገቡን ብቻ ስለሚያጸዳ፣ ተሳስቶ እሺ ያለ ሰውም እዚያው ላይ ካቆመ ገና ተስፋ አለው፤ ሙሉው ፎርማት ግን ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ዲስኩን በሙሉ በዜሮ ስለሚሞላ ከዚያ በኋላ የሚመለስ ነገር የለም። እንደ ሬኩቫና ፎቶሬክ ያሉ ነጻ ፕሮግራሞች ፍላሹን አስሰው ፋይል ማውጣት ይችላሉ፤ ፎቶሬክ የፋይሎቹን ስም ስለማይመልስ እየከፈቱ መለየት የግድ ይሆናል። እዚህ ላይ በጣም የተለመደው ጥፋት የተገኘውን ፋይል መልሶ እዚያው ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ ሲሆን፣ ይህም ገና ያልወጣውን በወጣው መደምሰስ ነው።

አቃፊዎቹ በሙሉ ቀስት ያለባቸው ሾርትከት ሆነው የሚታዩበት ፍላሽ ሌላ ጉዳይ ነው። ቫይረሱ ብዙውን ጊዜ ፋይሎቹን አያጠፋም፤ ይደብቃቸውና በቦታቸው የራሱን ማሳቻ ያስቀምጣል። ስለዚህ ሾርትከቱን ደጋግሞ መጫንም ሆነ ፍላሹን ጠርጎ መጣል ስህተት ነው፤ በአንቲቫይረስ ከተጸዳ በኋላ የተደበቁትን ፋይሎች እንዲያሳይ የአቃፊውን ቅንብር መለወጥ በአመዛኙ ይበቃል። ቫይረሱ የሚዛመተው ፍላሽ ከጽሕፈት ቤት ጽሕፈት ቤት ሲዞር ነውና፣ የእኛም ቤት በዚህ ከደሙ ንጹሕ አይደለም።

ከፋይሉ ስም ጫፍ ያለውን ቅጥያ በመለወጥ ለመክፈት መሞከርም ጥቅም የለውም። በ2007 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከወጣው ኦፊስ ጋር የመጣው ዶክኤክስ ከቀድሞው ዶክ በውስጥ አሠራሩ የተለየ ነው፤ ስሙን መቀየር ውስጡን አይቀይርም። ዶክኤክስ በእርግጥ የታሸገ ዚፕ ስለሆነ፣ የተጎዳውን ፋይል ቅጂ ዚፕ ብሎ ሰይሞ ቢያንስ ሥዕሎቹን ማውጣት ይቻላል፤ ከዚያ በፊት ግን የወርድን «ኦፕን ኤንድ ሪፔር» መሞከር ይሻላል። ፒችትሪ በተባለው የሂሳብ ፕሮግራም የሚሠሩ የሂሳብ ባለሙያዎች ደግሞ ከድርጅቱ አቃፊ አንድ ፋይል ብቻ መዝዘው ይወስዳሉ፤ ሂሳቡ በብዙ ፋይሎች ተከፋፍሎ የሚቀመጥ በመሆኑ ባክአፕ ወይም ሙሉው አቃፊ ካልሄደ አይከፈትም።

የመጨረሻው ስህተት የአማርኛ ጽሑፍ የምንጽፍ ሰዎችን ብቻ የሚመለከት ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሲሆን፣ ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለዓመታት በአሮጌዎቹ የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፈ ሰነድ ፊደሎቹን ያስቀመጠው በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነው። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ዝብርቅርቅ የሚታየው ለዚህ ነው፤ ፋይሉ ግን አልተበላሸም። አንድ አባት የቅሬያቸውን (የእድራቸውን) መተዳደሪያ ደንብ ይዘው ሲመጡ፣ የቅሬው ጸሐፊ ዝብርቅርቁን ባየ ጊዜ ሁሉንም መርጦ ኒያላ ወደሚባለው የዩኒኮድ ፎንት ለውጦና ሴቭ አድርጎ ነበር። አንድ ፎንት የሚይዘው 256 ቦታ ለፊደላችን ስለማይበቃ፣ ከአሮጌዎቹ አንዳንዶቹ ፊደሉን ለሁለት ወይም ለሦስት ፎንት ያከፋፍሉታል፤ ጸሐፊው ሁሉንም አንድ ሲያደርገው የትኛው ምልክት የየትኛው ፎንት እንደነበር የሚያሳየው መረጃ አብሮ ጠፋ። መደረግ የነበረበት ሴቭ ሳይሉ መዝጋትና ፎንቱን ፈልጎ መጫን ብቻ ነበር። «አባባ፣ በወረቀት የታተመ አለ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ከካፖርታቸው ኪስ አወጡልኝ፤ ከመጀመሪያው አንቀጽ ጀምረን በዩኒኮድ እንደገና ጻፍነው።