ከጎንደር ሆኖ የራግቢ ቴስት ለማየት፦ መጀመሪያ የስም ዝርዝሩን አንብቡ

ራግቢ ማየት የጀመርኩት በስህተት ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ፒያሳ ማኪያቶ ልጠጣ ዲኤስቲቪ ቤት ገባሁ። ሰው የለም። ቴሌቪዥኑ ላይ ጥቁር የለበሱ ግዙፍ ሰዎች ጭናቸውን እየመቱ፣ ምላሳቸውን እያወጡ ይፎክራሉ። አስተናጋጁን «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» ስለው «እኔ እንጃ፣ ቻናሉ ከማታ ጀምሮ እዛው ላይ ነው» አለኝ። ሰማንያ ደቂቃ ሙሉ ተቀመጥኩ። ማን ለምን እንደወደቀ፣ ዳኛው ለምን እንደነፋ ምንም አልገባኝም፣ ግን መነሳትም አቃተኝ።

አሁን ሰው «አንተ እንዴት ገባህ?» ሲለኝ መልሴ አንድ ነው። ሕጉን በማጥናት አይደለም፣ የራግቢ ሕግ ተጫዋቾቹንም ግራ ሲያጋባ አይቻለሁ። የገባኝ ከጨዋታው በፊት የሚወጣውን የ23 ሰው ዝርዝር ማንበብ ስጀምር ነው። እግር ኳስ ላይ አሰላለፉ ከወጣ በኋላ እንኳ አሰልጣኙ በ4-3-3 ይግባ በ3-5-2 መገመት አለባችሁ። ራግቢ ላይ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። 10 ቁጥር የለበሰ ሰው ሁልጊዜ የ10 ቁጥርን ሥራ ነው የሚሠራው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምህረቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው፣ ሰዓቱ ግን የእኛ ነው፤ የእነሱን ስጠቅስ እነግራችኋለሁ።)

ቴስት ማለት የሁለት አገር ብሔራዊ ቡድኖች ሙሉ ግጥሚያ ነው። የመጀመሪያው በ1871 ኤደንብራ ላይ ተደረገ፣ ስኮትላንድ እንግሊዝን አሸነፈች፣ ያኔ በአንድ ወገን 20 ሰው ነበር የሚሰለፈው። አሁን 15 ነው። አንድ ተጫዋች ቴስት በተጫወተ ቁጥር አንድ «ካፕ» ይቆጠርለታል፣ ድሮ የእውነት ቆብ ይሰጡ ስለነበር ነው ስሙ። ዝርዝሩ ላይ ከስሙ ጎን በቅንፍ የምታዩት ቁጥር ያ ነው። እኔ መጀመሪያ ዕድሜ መስሎኝ የ4 ዓመት ልጅ እንዴት ከነዚህ ጋር ይሰለፋል እያልኩ ነበር። የኒውዚላንዱ ሳም ዋይትሎክ 153 አድርሶ ነው የተሰናበተው፣ እሱን ስታዩማ ዕድሜ እንዳልሆነ ይገባችኋል።

ዝርዝሩ ብዙ ጊዜ ከጨዋታው ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ይወጣል። የቡድኖቹን ገጽ ተከተሉ፣ ፎቶውን ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት፣ ከዛ እንዲህ አንብቡት።

ከ1 እስከ 8 ያሉት ፎርዋርድ ይባላሉ፣ ከ9 እስከ 15 ያሉት ባክ። ስምንቱ ኳሷን ታግለው ያመጣሉ፣ ሰባቱ ይዘዋት ይሄዳሉ። 1፣ 2 እና 3 የፊት መስመር ናቸው። ኳሷ ከአንዱ እጅ ወደፊት ስታመልጥ ዳኛው ስክረም ያዝዛል፣ ስምንት ለስምንት ተቆላልፈው ይገፋፋሉ። የፊት ሦስቱ ቀንበር ላይ እንደተጠመዱ በሬዎች ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ነው የሚገቡት። ከሁሉም የሚከብደው የ3 ቁጥር ሥራ ነው፣ ጭንቅላቱን በሁለት ተጋጣሚ መሃል ነው የሚከተው። 4 እና 5 ረጃጅሞቹ ናቸው፣ ኳስ ከመስመር ወጥታ ስትወረወር ጓደኞቻቸው ወደ ሰማይ የሚያነሷቸው እነሱን ነው። 6፣ 7 እና 8 ሰው እያሳደዱ ይጥላሉ። 9 ቁጥር ብዙውን ጊዜ ሜዳው ላይ አጭሩ ሰው ነው፣ ከትግሉ ሥር ኳሷን እያወጣ ያቀብላል። 10 አእምሮው ነው። ይመታ፣ ያቀብል፣ ይሩጥ የሚለውን እሱ ይወስናል። 12 እና 13 መሃሉን ይሰብራሉ፣ 11 እና 14 በዳርና በዳር ሯጮች፣ 15 ከኋላ ሆኖ ከላይ የሚመጣውን ሁሉ ይቀልባል።

ነጥቡም ቀላል ነው። ኳሷን ከመጨረሻው መስመር አሳልፎ መሬት ማስነካት ትራይ ይባላል፣ 5 ነጥብ። ከሱ በኋላ በእግር መትቶ በቋሚዎቹ መሃል ማሳለፍ 2። የቅጣት ምት 3። በጨዋታ መሃል ኳሷን መሬት አንጥሮ መምታትም 3። በእጅ ወደፊት ማቀበል ክልክል ነው፣ ሁሌ ወደኋላ ወይም ወደ ጎን። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያይ ሰው ይሄ ይበቃል።

አሁን ዋናው ነገር፣ ወንበሩ። ከ16 እስከ 23 ያሉት ስምንቱ ተቀያሪዎች ናቸው። እኔ ዝርዝር ሲወጣ መጀመሪያ የማየው እዚህ ጋ ነው፣ አሰልጣኙ ምን እንዳሰበ የሚያጋልጠው ይሄ ነው። ሦስቱ የፊት መስመር ሰዎች መሆን ግዴታቸው ነው፣ ያልሰለጠነ ሰው እዛ ቀንበር ውስጥ ከገባ አንገቱ ሊሰበር ይችላል። የቀሩትን አምስቱን አሰልጣኙ እንደፈቀደው ያከፋፍላል። የተለመደው 5-3 ነው፣ የፊት መስመር ሦስቱን ጨምሮ አምስት ፎርዋርድ፣ ሦስት ባክ። 6-2 ካያችሁ ከእረፍት በኋላ ትግሉን ሊያጠነክር አስቧል ማለት ነው። 7-1 ካያችሁ ደግሞ ቁማር ነው። የደከሙትን ገፊዎች ከሞላ ጎደል በሙሉ በትኩስ ሰው ሊቀይር ነው፣ ግን ሁለት ሯጭ ከተጎዳበት ትግል የለመደ ሰው በዳር ሲሮጥ ልታዩ ትችላላችሁ።

ደቡብ አፍሪካዎች በዚህ ይታወቃሉ። ተቀያሪዎቻቸውን «ቦምብ ስኳድ» ይሏቸዋል። ከኒውዚላንድ ጋር የተጫወቱትን የ2023ቱን የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ልንገራችሁ፣ ዝርዝር ማንበብ ምን እንደሚጠቅም ከሱ የተሻለ ማስረጃ የለኝም።

ከውድድሩ በፊት ሃንድሬ ፖላርድ የሚባለው 10 ቁጥራቸው ባቱን ተጎድቶ ለውድድሩ ከተመረጡት 33 ሰዎች ውጪ ሆነ። ውድድሩ ከተጀመረ በኋላ ማልኮም ማርክስ ጉልበቱን ተጎዳ። ማርክስ 2 ቁጥር ነው፣ የፊት መስመር መሃለኛው፣ ሁከር የሚባለው። ማንም ጤነኛ አሰልጣኝ በ2 ቁጥር ፋንታ ሌላ 2 ቁጥር ይጠራል። እነሱ የጠሩት ፖላርድን ነው! እኔ ያኔ «እነዚህ ሰዎች አብደዋል» ብያለሁ። ከዚያ በኋላ የቀራቸው እውነተኛ ሁከር ቦንጊ ምቦናምቢ ብቻ ነበር። ሌላው ዴዮን ፉሪ፣ በድሮ ዘመኑ ሁከር የነበረ፣ ያኔ ግን ፍላንከር (6 ወይም 7 ቁጥር) የሆነ የ37 ዓመት ሰው።

ፍጻሜው የተጀመረው በእኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። አዘዞ አጎቴ ቤት ነበርኩ። ጋሼ የፋሲል ከነማ ሰው ናቸው፣ ከዐፄዎቹ ውጪ ስለ ስፖርት ማውራት አይወዱም፣ እንግዳ ሆኜ ነው እንጂ ሪሞቱንም አይሰጡኝም ነበር። ዝርዝሩን ወረቀት ላይ ጽፌ አጠገባቸው አስቀመጥኩ። ወንበሩ 7-1፣ ሯጭ የሆነ ተቀያሪ ቪሊ ለሩ ብቻ። ገና ሦስት ደቂቃ እንኳ በቅጡ ሳይሞላ ምቦናምቢ ተጎድቶ ወጣ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ሰውዬ ላቡ ሳይወጣ ወጣ እኮ» አሉኝ ጋሼ።

«አንቱ፣ ይሄማ ጉድ ነው። ወረቀቱን ይዩት፣ 2 ቁጥር የሚሆን ሌላ ሰው የላቸውም፣ ፉሪ ብቻ ነው።»

መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን አዩ። ከዛች ደቂቃ በኋላ እኔን ትተው ፉሪን ነው ያዩት። ከመስመር ኳስ ሊወረውር በመጣ ቁጥር (ውርወራው የ2 ቁጥር ሥራ ነው) «አሁን ሊያበላሽ ነው» ይላሉ፣ ብዙ ጊዜም ልክ ነበሩ። ሰውዬው ግን እስከ መጨረሻው ቆመ። የኒውዚላንዱ አምበል ሳም ኬን በቀይ ወጣ፣ በወንዶች የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የመጀመሪያው ቀይ ካርድ ነው። ፖላርድ አራት የቅጣት ምት መታ፣ አራቱም ገቡ። 12 ለ 11። ደቡብ አፍሪካ ሩብ ፍጻሜውን 29 ለ 28፣ ግማሽ ፍጻሜውን 16 ለ 15፣ ፍጻሜውን ደግሞ እንዲህ፣ ሦስቱንም በአንድ ነጥብ ነው ያሸነፈችው። በሁከር ፋንታ የተጠራው መቺ ዋንጫውን አመጣ፣ ያልተጠራው ሁከር ሊያሳጣቸው ምንም አልቀረው። ሁለቱም ወረቀቱ ላይ ነበሩ።

የአገር ማሊያ ማን መልበስ ይችላል የሚለው ላይ ሰው በጣም ይጋጫል፣ ስለዚህ ሕጉን ያዙ። እዛ አገር የተወለደ ይችላል። እናት ወይም አባቱ፣ ወይም ከአያቶቹ አንዱ እዛ የተወለዱ ከሆነም ይችላል። ምንም ዘር ባይኖረው አምስት ዓመት ሳያቋርጥ ከኖረም ይፈቀድለታል፣ ድሮ ሦስት ዓመት ነበር። ከ2022 ጀምሮ ደግሞ ለአንድ አገር የተጫወተ ሰው ሦስት ዓመት ምንም ቴስት ሳይጫወት ከቆየ፣ እሱ ወይ ወላጁ ወይ አያቱ ወደተወለዱበት አገር አንድ ጊዜ ብቻ መቀየር ይችላል። ለቶንጋና ለሳሞአ ጥሩ ሆነላቸው፣ ልጆቻቸው ለትልልቆቹ አገሮች ጥቂት ጊዜ ተጫውተው ይረሱ ነበርና። እኔ ሕጉን እደግፋለሁ። የአያትን አገር ማሊያ መልበስ ምን ነውር አለው?

ከሕጉ ሌላ የየአገሩ ደንብ አለ፣ አንዳንዴ ምርጥ የምትሉት ሰው ስሙ የሚጠፋው በዚህ ነው። ኒውዚላንድ የምትመርጠው አገር ውስጥ ክለብ ያለውን ብቻ ነው። ደቡብ አፍሪካ የትም ይጫወት ትጠራለች። የዛን ምሽት ሁለቱን 10 ቁጥሮች እዩ፦ ፖላርድ ያኔ እንግሊዝ አገር ሌስተር ነበር የሚጫወተው፣ ግን ተጠራ። የኒውዚላንዱ ሪቺ ሞኡንጋ ከዋንጫው በኋላ ጃፓን ሄደ፣ እዛ እስካለ ድረስ ለኦል ብላክስ፣ ማለትም ለኒውዚላንድ ብሔራዊ ቡድን፣ አይታሰብም ነበር። ስለዚህ ስም ስታጡ «ተጎድቶ ይሆን?» ከማለታችሁ በፊት ክለቡ የት አገር እንደሆነ ፈልጉ።

የኒውዚላንዶቹን ፉከራ አትዝለሉት፣ ሃካ ይባላል። የእኛን ሽለላና ቀረርቶ ለሚያውቅ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም፣ ጋሼ ሲያዩ «ይሄስ ወንድ ነው» ብለው ነው ያለፉት።

ወደ ተግባሩ። የት ይታያል? የደቡብ አፍሪካ ቴስቶች ሱፐርስፖርት ላይ አሉ፣ የትኛው ፓኬጅ እንደሚይዘው ግን ቤቱን ቀድማችሁ ጠይቁ። ሰዓቱን እንዲህ አስሉ። የደቡብ አፍሪካ ሰዓት ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ነው፣ በእነሱ 17:00 ካሉ በእኛ ከምሽቱ 12 ነው። ኒውዚላንድ በሐምሌ በእነሱ 19:05 ካለች ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ5 ነው፣ ይሄኛው ገነት ነው፣ ዲኤስቲቪ ቤቱ ባዶ ስለሚሆን አንድ ማኪያቶ ያዛችሁ ንጉሥ ናችሁ። ችግሩ ኅዳር ላይ ነው። ለንደን 15:00 በእኛ 12 ሰዓት ነው፣ የፕሪሚየር ሊጉ ሰዓት። አንድ ጊዜ አንድ ቤት ውስጥ «ለአሥር ደቂቃ ብቻ ቀይሩልኝ» ብዬ በሰላም የወጣሁት በዕድል ነው። አትሞክሩት። ቀድማችሁ ሐሙስ አካባቢ ባለቤቱን አናግሩ፣ ትንሿ ቴሌቪዥን ጥግ ላይ ካለች ያለ ድምፅ እንዲከፍትላችሁ ለምኑ። ዝርዝሩን ከያዛችሁ ድምፅ አያስፈልጋችሁም። ፋሲል የሚጫወት ከሆነ ግን ጥያቄውንም አታንሱ።

በየወሩ ምን እንዳለ ባጭሩ፦ በየካቲትና መጋቢት አካባቢ የአውሮፓ ስድስቱ አገሮች ውድድር፣ ሐምሌ ላይ የሰሜኖቹ ወደ ደቡብ ጉዞ፣ ኅዳር ላይ የደቡቦቹ ወደ አውሮፓ። ቀጣዩ የዓለም ዋንጫ 2027 አውስትራሊያ ነው፣ 24 አገር ይሳተፋል። የማን ደጋፊ ልሁን ለምትሉ ምክሬ ዚምባብዌ ናት። በ2025 ካምፓላ ላይ ናሚቢያን 30 ለ 28 ረትታ ነው ያለፈችው፣ ከ1991 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። የሲድኒ ምሽት ጨዋታ ደግሞ እኛ ጋ እኩለ ቀን አካባቢ ነው፣ ምሳ እየበሉ ማየት ነው።

አንድ ልምምድ ልስጣችሁ። ዝርዝሩ ሊወጣ ሲል የራሳችሁን 23 ጻፉ፣ ወንበሩን ጭምር። ሲወጣ አስተያዩ። የተሳሳታችሁበት ቁጥር ላይ ብቻ ዓይናችሁን ጥላችሁ ጨዋታውን እዩ፣ አሰልጣኙ እናንተ ያላያችሁትን ምን እንዳየ ትደርሱበታላችሁ፣ ወይም ደግሞ እሱ ነው የተሳሳተው። እኔ 23ቱንም አንድም ጊዜ አግኝቼ አላውቅም፣ 19 ነው ሪከርዴ።

ጋሼ እስካሁን ራግቢ እወዳለሁ አይሉም። ግን ስፕሪንግቦክስ (የደቡብ አፍሪካ ቡድን) ሊጫወቱ ሲሉ ስልኬ ይጠራል። ሰላምታም የለም።

«አንተ ልጅ፣ ወንበሩ ስንት በስንት ነው?»