ቲፒኤስ (ትሮትል ፖዚሽን ሴንሰር) ቀይሩ ከተባላችሁ፦ ከመግዛታችሁ በፊት በቴስተር ለኩት

መብራት ላይ ስትቆሙ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳትሰጡ ያለው የሞተሩ ዙር) ከፍ ዝቅ ይላል። ነዳጅ ስትሰጡ መኪናዋ መጀመሪያ ታንገራግራለች፣ ከዚያ በድንገት ትፈተለካለች። አውቶማቲክ ከሆነች ደግሞ ማርሽ የምትቀይረው ያለ ሰዓቱ ነው። ይህን አዳማ ላይ ለመካኒክ ብትነግሩት ኮፈኑን ሳይከፍት «ቲፒኤሱ ነው፣ ቀይረው» ሊላችሁ ይችላል። ልክ ሊሆንም ይችላል። ግን የቆሸሸ ትሮትል ቦዲ (የሞተሩ የአየር ማስገቢያ በር ያለበት ክፍል)፣ አየር የሚያስገባ የተሰነጠቀ ቱቦ ወይም የደከመ የነዳጅ ፓምፕም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉ። መለየት የሚቻለው በመለካት ነው። ተራ ቴስተር (ቮልትና ኦም መለኪያ) እና ሁለት የስፌት መርፌ ይበቃል።

ትሮትል ፖዚሽን ሴንሰር ትሮትል ቦዲው ጎን ላይ በሁለት ብሎን የታሰረች ትንሽ ፕላስቲክ ናት። የአየር ማስገቢያው በር ምን ያህል እንደተከፈተ ለኮምፒውተሩ የምትናገረው እሷ ናት። የድሮዎቹ ውስጣቸው ልክ እንደ ሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያ ነው፤ በስስ ንጣፍ ላይ የምትንሸራተት ብረት አለች። የሬዲዮው ሲያረጅ ድምፁ እንደሚንኮሻኮሽ ሁሉ ይህችም ንጣፏ ሲበላ መረጃው ይቆራረጣል። ብዙ ጊዜ የሚበላው ከሚኒሞ ትንሽ ከፍ ብሎ ያለው ቦታ ነው፤ ከተማ ውስጥ እግራችን ሲመላለስ የሚውለው እዚያ ነውና። በፈጣን መንገዱ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው ደግሞ እግሩን አንድ ቦታ ላይ ይዞ ስለሚቆይ ያ ቦታም ይጎዳል።

መጀመሪያ ሶኬቱን እዩ። ሞተሩን አጥፉና ንቀሉት። ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ካለ ወይም እርጥብ ከሆነ ነገሩ እዚያው ሊያልቅ ይችላል። የአዳማ አቧራ ብዙ ስለሆነ ሞተር ማሳጠብ የምንወድ ሰዎች አለን። ላቫጆ ላይ በግፊት የሚረጨው ውሃ ግን ሶኬት ውስጥ ይገባል። በኤሌክትሪክ ክፍል ማጽጃ ስፕሬይ አጽዱት፣ አድርቁት፣ መልሳችሁ ሰክታችሁ ሞክሩ። ትሮትል ቦዲውም ጥቁር ቅባት ከያዘ በዚያው አጋጣሚ ይጽዳ።

ስካነር (የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገበውን የብልሽት ኮድ የሚያነብ መሣሪያ) ካላችሁ ኮዱን አንብቡ። ፒ0122 ሲግናሉ በጣም ዝቅ ብሏል ማለት ነው፣ ፒ0123 በጣም ከፍ ብሏል ማለት ነው። ሁለቱም «ሴንሰሩ ሞቷል» አይሉም፤ ሽቦም ሊሆን ይችላል። በስልክ የሚሠሩትን ርካሽ ብሉቱዝ ስካነሮች አልጠላቸውም፣ ኮድ ለማንበብ ጎበዝ ናቸው። ችግራቸው ቁጥሩን ቶሎ ቶሎ አያድሱም። የምንፈልገው ብልሽት ደግሞ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ብልጭ ብሎ ያልፋል።

ቀጥሎ ለሴንሰሩ ኤሌክትሪክ እየደረሰው መሆኑን አረጋግጡ። አብዛኛዎቹ ሦስት ሽቦ አላቸው፦ 5 ቮልት፣ ግራውንድ (ወደ ኔጋቲቭ የሚመለሰው) እና ሲግናል (መረጃውን ለኮምፒውተሩ የሚወስደው)። ሶኬቱ ተነቅሎ፣ ቁልፉ ተከፍቶ፣ ሞተሩ ሳይነሳ ለኩ። በአንዱ ላይ 5 ቮልት አካባቢ ማግኘት አለባችሁ። ከሌለ ሴንሰር መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ባለ አምፖል መፈተሻ እዚህ አትጠቀሙ፣ ኮምፒውተሩን ሊጎዳ ይችላል። ከዚያ ቁልፉን ዘግታችሁ ሶኬቱን መልሱት፣ እንደገና ክፈቱና ግራውንዱን (ከታች እንደምነግራችሁ በመርፌ) ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር ለኩ። ከ0.1 ቮልት በላይ ካሳየ ግራውንዱ ደካማ ነው። አንድ ወዳጄ ኮሮላው ላይ ሴንሰር ደጋግሞ ቀይሯል፤ ጥፋቱ ግን ሶኬቱ አጠገብ ላስቲኩ ውስጥ የተበጠሰው የግራውንድ ሽቦ ነበር። ከውጭ ሲታይ ሽቦው ደህና ነው። ግራውንድ ሲቋረጥ ሲግናሉ ወደ 5 ቮልት ስለሚወጣ ኮዱ በየጊዜው ሴንሰሩን ይከሳል።

አሁን ዋናው ሥራ። ሶኬቱ እንደተሰካ፣ ከጀርባው ከሽቦው ጎን መርፌ አስገቡ፤ አንዱ ሲግናል ላይ፣ ሌላው ግራውንድ ላይ። የሽቦውን ላስቲክ አትብሱት፣ በኋላ እርጥበት ይገባል። መርፌዎቹም እርስ በርስ አይነካኩ። ቁልፉን ክፈቱ፣ ሞተሩን አታስነሱ። በሩ ተዘግቶ ሳለ ንባቡ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.5 እስከ 1 ቮልት ነው፤ ሙሉ ሲከፈት ከ4 እስከ 4.7 አካባቢ ይደርሳል። የመኪናችሁ ማኑዋል ሌላ ቁጥር ካለው እሱን እመኑ።

ብዙ ሰው እዚህ ሁለቱን ጫፎች ለክቶ «ደህና ነው» ይልና ያቆማል። ጫፎቹ ግን የሚበሉት ቦታዎች አይደሉም። ከነዳጅ ፔዳሉ የሚመጣውን ካቦ በእጃችሁ ይዛችሁ በሩን በጣም በዝግታ ክፈቱ። ከዝግ እስከ ሙሉ ለመድረስ አሥር ሰከንድም አይበዛበትም። ቮልቱ ሳይዘል፣ ወደ ኋላ ሳይመለስ መውጣት አለበት። ለምሳሌ 0.9፣ 1.0፣ 1.1 እያለ ሄዶ ድንገት 0.2 ካሳየና ወዲያው 1.3 ላይ ከተገኘ ሴንሰሩ አልቆለታል። ከሚኒሞ በላይ ያለውን የመጀመሪያውን ሩብ ደጋግሙት። ለዚህ ሥራ እኔ የምመርጠው የድሮውን ባለ ቀስት ቴስተር ነው፤ ቀስቱ ስትደነግጥ ዓይን ያያታል። ዲጂታሉ ቁጥሩን አሰናድቶ እስኪያሳይ ክፍተቱ ያልፋል።

ንባቡ ንጹህ ከሆነ ሞተሩን አሙቁትና ድገሙት። ጠዋት ደህና ሆኖ በቀትር የሚያስቸግር ሴንሰር አለ፣ የአዳማ ፀሐይ ደግሞ ምሕረት የላትም። በሩን አንድ ቦታ ይዛችሁ ሽቦውን ወዘወዙ፤ ቮልቱ ከዘለለ ጥፋቱ ሽቦው ወይም ሶኬቱ ላይ ነው።

ይህ ሁሉ ካቦ ላላቸው መኪኖች ነው። አዳዲሶቹ በሩን የሚከፍቱት በትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው፤ እነሱን በጣት አትግፉ፣ ጥርሱ ሊሰበር ወይም በሩ ጣት ሊቆነጥጥ ይችላል። ቁልፍ ከፍታችሁ ፔዳሉን ርገጡ። ሁለት ሲግናል ስላላቸው ሁለቱንም ጎን ለጎን በሚያሳይ ጥሩ ስካነር መመልከት ይሻላል። ብዙዎቹ ላይ ሴንሰሩ ለብቻው አይሸጥም፣ የሚቀየረው ሙሉ ትሮትል ቦዲው ነው።

መቀየር ካለበት፣ የብሎኑ ቀዳዳ ረዘም ያለ ከሆነ ከመንቀላችሁ በፊት የቆመበትን ቦታ በጭረት ምልክት አድርጉ። አዲሱን ስታስሩ በሩ ተዘግቶ ቮልቱ ማኑዋሉ ያለው ላይ እስኪመጣ አዙሩት፣ ከዚያ አጥብቁ፣ ኮዱንም አጥፉ።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ቴስተሩን ይዛችሁ ሱቅ ሂዱ። ባለ ንጣፍ ከሆነ ኦም ላይ አድርጋችሁ ሲግናልና ግራውንድ እግሮቹ ላይ ያዙ፣ መሐሉን በዝግታ አዙሩ። ቁጥሩ ከዘለለ አስቀምጡት። ለካችሁ እንዳትገዙ የሚከለክል ሻጭ ካጋጠማችሁ ቀጣዩ ሱቅ ግቡ።