ባይፖላር ያለበት ሰው ስፖርት እንዴት ይጀምር?

ባይፖላር ስሜት በድብርትና በማኒያ (ከልክ ባለፈ መነቃቃት) መካከል የሚዋዥቅበት ሕመም ነው። እንቅስቃሴ መድኃኒትን አይተካም። ድብርትን ግን ሊያቀል፣ እንደ ኦላንዛፒን ያሉ መድኃኒቶች የሚያመጡትን ውፍረትም ለመቆጣጠር ሊያግዝ ይችላል። የልብ፣ የደም ግፊት ወይም የኩላሊት ችግር ካለብዎ መጀመሪያ ሐኪምዎን ያማክሩ።

በቅድሚያ ሰዓት ይቁረጡ። ከስፖርቱ ዓይነት ይልቅ የሰዓቱ አለመዛባት ይበልጣል፤ ጠዋት 1 ሰዓት ካሉ ቅዳሜም 1 ሰዓት ነው። የማታው መድኃኒት ጠዋት የሚያደነዝዝዎ ከሆነ ወደ 10 ሰዓት ያዙሩት። ከመኝታ በፊት ባሉት 3 ሰዓታት ግን ከባድ ስፖርት ይቅር፤ እንቅልፍ ማጣት ማኒያን ሊቀሰቅስ ይችላል።

በመጀመሪያው ሳምንት በሜዳማ መንገድ 10 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን ይራመዱ። በየሳምንቱ 5 ደቂቃ ሲጨምሩ በአምስተኛው ሳምንት 30 ይደርሳሉ። ይህም የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት የ150 ደቂቃ ዝቅተኛ መጠን ነው። ፍጥነቱ ማውራት የሚያስችል፣ መዝፈን የማያስችል ይሁን። በኋላ በሳምንት 2 ቀን ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ ግድግዳ መግፋት፣ አሥር አሥር ጊዜ ይጨምሩ።

ስሜትን የሚያረጋጋውን ሊቲየም የተባለ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ይህን በደንብ ያንብቡ። ላብ ውኃና ጨው ይዞ ሲወጣ ኩላሊት ሊቲየሙን ሊያስቀረው፣ በደም ውስጥ ያለው መጠንም ሊጨምር ይችላል። ከመውጣትዎ በፊትም ሆነ በመሀል ውኃ ይጠጡ፤ ጨውም በድንገት አይቀንሱ። እስከ 9 ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ የሚጾሙ ከሆነ ከባዱን ስፖርት ከበሉና ከጠጡ በኋላ ያድርጉት፤ ጾሙንም ለሐኪምዎ ይንገሩ። ጡንቻ ሲያምዎ ደግሞ ብዙ ሰው ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ይገዛል። እነዚህ በደም ውስጥ ያለውን ሊቲየም ከፍ ያደርጋሉ፤ ፓራሲታሞል ይሻላል። እጅዎ ከወትሮው በላይ ከተንቀጠቀጠ፣ ከተንገዳገዱ፣ ምላስዎ ከተሳሰረ፣ ተቅማጥና ትውከት ከመጣ በአስቸኳይ ሆስፒታል ይሂዱ።

አንድ ደብተር ይያዙና በየቀኑ ለስንት ሰዓት ያህል እንደተኙ፣ ስሜትዎን ከ1 እስከ 10፣ የተንቀሳቀሱበትን ደቂቃ ይጻፉ። ድብርት በጫነዎ ቀን 30 ደቂቃውን ይርሱት፤ ጫማ አድርጎ እስከ ሰፈሩ ሱቅ ደርሶ መመለስ ይበቃል። ተንኮለኛው ተቃራኒው ነው፦ ለ4 ሰዓት ብቻ ተኝተው ድካም ካልተሰማዎ፣ 30ው ደቂቃ 2 ሰዓት ከሆነ፣ ጂም በቀን ሁለቴ መሄድ ካማረዎ፣ ያ ብርታት ሳይሆን የማኒያ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። ሩጫና ክብደት ማንሣቱን ትተው በ15 ደቂቃ ዝግ ያለ እርምጃ ይወሰኑ፤ ቀጠሮ ሳይጠብቁም ደብተሩን ይዘው ሐኪምዎ ዘንድ ይቅረቡ።