በጎጃም የቆየ መኖሪያ ቤትን ለቅርስነት ማብቃትና ሳያበላሹ መጠገን

በደብረ ማርቆስ ቅርስ ሲባል ቀድሞ የሚነሣው የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥት ነው፤ በባሕር ዳር ደግሞ በቤዛዊት ኮረብታ ላይ ያለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት። በ1950ዎቹ የተሠራ፣ ፎቅ የሌለው፣ ረጅም በረንዳ ያለው ባለ ቆርቆሮ ክዳን የጭቃ ቤት ግን ቅርስ ይሆናል ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው። በአሜሪካ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በየሰፈሩ የተስፋፋው፣ «ራንች» የሚባለው ባለ አንድ ወለል ቤት እንኳ ዛሬ በዚያ አገር የታሪካዊ ቦታዎች ብሔራዊ መዝገብ ውስጥ ይገኛል፤ መዝገቡ በተለምዶ የሚጠይቀው 50 ዓመት መሙላትንና ታሪካዊ ፋይዳን እንጂ ግርማን አይደለም። የእኛው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቅርስን የሚተረጉመው በሳይንስ፣ በታሪክ፣ በባህል፣ በኪነ ጥበብና በእጅ ጥበብ ይዘቱ ባለው ከፍተኛ ዋጋ ስለሆነ፣ ተራ የሚመስል ቤት በሩ አልተዘጋበትም።

ከሁሉ አስቀድሞ የባለቤትነቱን ነገር ያጣሩ። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ከወጣ ወዲህ ብዙ የቆዩ ቤቶች በቀበሌ እጅ ናቸው፤ በአንድ ግቢ ውስጥም ዋናው ቤት የግል፣ ሰርቪሱ የቀበሌ ሆኖ ይገኛል። ይህ ሳይለይ የሚቀርብ ማመልከቻ በመጀመሪያው ጠረጴዛ ላይ ይቀራል።

ቀጥሎ ማስረጃ ይሰብስቡ። የቤቱን አራት ፊት፣ በረንዳውን፣ በሮችንና መስኮቶችን፣ የአቡጀዲ ኮርኒስ ካለውም እርሱን ፎቶ ያንሡ፤ ክፍሎቹን በሜትር ለክተው በወረቀት ይንደፉ። ማን እንዳሠራው፣ ማን እንደኖረበት፣ እንጨቱና ድንጋዩ ከየት እንደመጣ በሰፈሩ ያሉ አዛውንቶችን ጠይቀው፣ የተናጋሪውን ስምና ቀኑን ጨምረው ይጻፉ። ማመልከቻው የሚጀምረው ከከተማው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ነው፤ አዋጅ ቁጥር 839/2006 ቅርሶችን ሀገራዊና ክልላዊ ብሎ ስለሚመድብ፣ የአንድ መኖሪያ ቤት ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው በክልል ደረጃ ነው። አንድ ነገር ግን አስቀድመው ይወቁ፤ የተመዘገበ ቅርስ ያለው ሰው በራሱ ወጪ የመጠበቅ ግዴታ አለበት፣ ጥገናም ያለ ቅድሚያ ፈቃድ አይጀምርም።

ይሁንና በእኔ እምነት ከቢሮ መጓተት ይልቅ ብዙ ቤት ያጠፋው በቅን ልቦና የሚደረግ እድሳት ነው። የአጎቴ ቤት ግድግዳ መሰነጣጠቅ ሲጀምር አንድ ግንበኛ ከላይ እስከ ታች በሲሚንቶ ለሰነው፤ ለሁለት ዓመት አማረ። በሦስተኛው ክረምት ልስኑን በጣቴ ባንኳኳው እንደ ባዶ ገንቦ ጮኸ፤ ቁራጩ ሲነሣም ከጀርባው ያለው ጭቃ እንደ ሊጥ ረጥቦ፣ ማገሩም በምስጥ ተበልቶ ዱቄት ሆኖ ነበር። ጭቃ እርጥበትን ስቦ መልሶ ይተነፍሳል፤ ሲሚንቶ ግን መውጫውን ይዘጋበታል፣ ውሃውም ወደ ውስጥ ወደ እንጨቱ ይዞራል።

ስለዚህ የጭቃውን ቤት በጭቃ ይጠግኑ። ድንጋይና ሥር የተለቀመለትን አፈር ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክተው፣ በየዕለቱ ውሃ እየጨመሩና እየረገጡ ጭዱ እስኪልም ድረስ ያቆዩት። የላላውን አሮጌ ምርጊት አራግፈው ግድግዳውን በውሃ ካረጠቡ በኋላ የመጀመሪያውን ድርብ ይምረጉ፤ ደርቆ ሲሰነጠቅ አይደንግጡ፣ ስንጥቁ ለሁለተኛው ቀጭን ድርብ መያዣ ይሆነዋል። ከደረቀ በኋላ ቀለም ካስፈለገ ኖራ ይቀቡ፤ የዘይት ቀለም ያው እንደ ሲሚንቶው ነው። የተበላ ቋሚ ሲገኝም ሙሉ ግድግዳውን ከማፍረስ የተበላውን ብቻ ነቅሎ በደረቀ እንጨት መተካት ይበቃል፤ የወጣውን በርና መስኮት ግን አይጣሉ፣ ተጠግኖ ወደ ቦታው ይመለስ።

ምርጊቱን ከመስቀል በኋላ በጥቅምትና በኅዳር ያድርጉት፤ በጎጃም ክረምት የተመረገ ግድግዳ አይደርቅም። ክዳኑንና አሸንዳውን ግን ከሰኔ በፊት ይጨርሱ፤ ከአሸንዳው የሚወርደው ውሃም ከመሠረቱ የሚርቅበትን ቦይ አብረው ይቆፍሩ።